በጥፍር ስለሚላጠው የበር ቀለም

እህቴ፣ ሁለተኛ ዙር እንዳትቀቢ። ቢጫ ያሉትን አሮጌ በሮችና መቃኖች ነጭ የውሃ ቀለም ቀባሻቸው፤ መጀመሪያ አምሮባቸው ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እጀታው አካባቢ በጥፍር ሲነካ እየተላጠ መጣ። «ቀለሙ መጥፎ ሆኖ ነው? ደግሜ ብቀባውስ?» ነው ጥያቄሽ። ቀለሙ ላይ ብዙም አትፍረጂ። እኔም የመኝታ ቤቴ በር ልክ እንዲህ ሆኖብኛል፤ ችግሩ ከሥር ነበር። ደግመሽ ብትቀቢ አዲሱም ከሚላጠው ጋር አብሮ ነው የሚነሳው።

ቢጫ ማለቱ ራሱ ይናገራል። ነጭ የዘይት ቀለም ሲቆይ ቢጫ ይላል፣ በተለይ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ። የዘይት ቀለም ሲደርቅ ደግሞ ጠጣርና ልሙጥ ነው። የውሃ ቀለም እዚያ ላይ ይተኛል እንጂ አይይዝም። ለማረጋገጥ፣ አሮጌው ቀለም በሚታይበት ቦታ ጥቂት አጽጂና ነጭ ጨርቅ በአልኮል አርሰሽ ፈትጊው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ የውሃ ነው። ንጹሕ ከሆነ የዘይት መሆኑ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትሽ በፊት ግን ይህን አደራ እልሻለሁ። ቤቱ የቆየ ከሆነ ከሥር ያለው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። እሱ ሲታሽ የሚወጣው ብናኝ መርዝ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። አስቀድመሽ አስመርምሪው። እርሳስ ከተገኘበት አትንኪው፣ ለሚያውቅበት ባለሙያ ተዪው። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ከእርሳስ ነጻ ከሆነ የተነሳውን ሁሉ በስፓቱላ አውጪ። ያልተነሳውን ደግሞ ፈትኚው። በምላጭ ትንሽ መስቀል ቅደጂበት፣ ፕላስተር ለጥፊበት፣ ከዚያ በአንዴ ሳቢው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ እሱም መውጣት አለበት። አድካሚ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ «ይኼኛውስ ይዟል» ብዬ የተውኩት ጠርዝ ነው በኋላ ዳግም ያሠራኝ።

ቀጥሎ እጠቢው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሳያጥቡ ማሸት ከሰው እጅ በሩ ላይ የቀረውን ቅባት ጭረቱ ውስጥ ይከተዋል። በሳሙና ውሃ እጠቢ፤ እጀታው ዙሪያና በሩ በእጅ የሚገፋበት ቦታ ላይ በርቺ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂና በደንብ ይድረቅ።

አሁን በብርጭቆ ወረቀት እሺው። እንጨቱ እስኪወጣ መድከም የለብሽም፤ የሚፈለገው ልሙጥነቱ እንዲጠፋና እንዲደበዝዝ ብቻ ነው። የተላጠበት ጠርዝ ላይ ቁጥር 120 ያዢ፣ ሌላው ላይ 180 ይበቃል። የአቧራ ጭንብል አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ስትጨርሺ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ቀዳዳ ካለ በስቱኮ ሙዪ። በመቃኑና በግድግዳው መሃል ያለውን ስንጥቅ ግን ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ መሙያ ድፈኚው፤ ተራ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም።

ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ማያያዣ፣ የግድ ነው። ልሙጥ ነገር ላይ እንዲይዝ የተሠራውን ጠይቂ። የእንጨቱ አንጓ ቡናማ ነጥብ እያወጣ ካስቸገረሽ ደግሞ ሼላክ የሚባል ሙጫ ያለበት ፕራይመር ነው የሚያቆመው። ሌላው ብዙውን ጊዜ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ነጥቡ ተመልሶ ይወጣል።

የመቀባቱ ሥራ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ሁለት ስስ እጅ (ዙር) ቀለም ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ብሩሹን እስከ ሲሶው ብቻ ንከሪ። ባለ ጎድጓዳ በር ከሆነ መጀመሪያ ጎድጓዳዎቹን፣ ቀጥሎ አግድሙን፣ መጨረሻ ላይ ቋሚውን ቀቢ። መድረቅ የጀመረ ቦታ ላይ ብሩሽ አትመልሺ፤ የብሩሹ መስመር ታትሞ ይቀራል። በሁለቱ እጅ መካከል በቁጥር 220 ቀለል አድርገሽ እሺው። ጠርዙን ለመከለል የለጠፍሽው የወረቀት ፕላስተር ካለ ደግሞ ቀለሙ ጨርሶ ሳይጠጥር አንሺው።

የዘይት ቀለም ብትመርጪ ከአንዱ እጅ እስከ ሌላው አንድ ቀን ያህል ጠብቂ። ዘይት የነካውን ጨርቅም ጠቅልለሽ አትጣይው፤ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

የውሃ ቀለም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቆ በእጅ ይነካል። ያ ግን ጠጠረ ማለት አይደለም። እስኪጠጥር ሁለትም አራትም ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የእኔ በር ዳግም ተቀብቶ በሁለተኛው ቀን ጥብቅ አድርጌ ስለዘጋሁት ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ ጠርዙ ተቦጨቀ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሮቹን ገርበብ አድርገሽ ተያቸው፣ እጀታቸው ላይ ልብስ አትስቀዪ፣ እስከ አንድ ወር ድረስም በሳሙና አትጠቢያቸው።