ላቦራቶሪ ለምትመርጡ ልጆቼ

ዘንድሮም ለማስተርስና ለዶክትሬት የምታመለክቱ ልጆች የምታነሱልኝ ጥያቄ ያው ነው፤ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ዕድሜዬን በፊዚዮሎጂ መምህርነት የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ለጊዜው ተዉትና ስለምትገቡበት ቡድን ጠይቁ። እዚያ ቤት የጀማሪ ተማሪ ሐሳብ እስከ ሙከራ ይደርሳል ወይስ እዚያው ይቀራል?

እንዲህ የሚያሰኘኝ አሜሪካ ውስጥ፣ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያለው የባልዶሜሮ ኦሊቬራ ቡድን ታሪክ ነው። ኦሊቬራ ፊሊፒናዊ ነው። አሜሪካ ተምሮ፣ በዲኤንኤ ምርምር ሠልጥኖ አገሩ ሲመለስ የለመደውን ሥራ የሚሠራበት መሣሪያ አጣ። (የአገራችንን ላቦራቶሪዎች የምታውቁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም።) በፊሊፒንስ ባሕር ግን ኮን የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች ሞልተዋል፤ ዛጎላቸውን በልጅነቱ ይሰበስብ ነበር። አንዳንዶቹ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ ሰው የሚገድል መርዝ ያለውም አለ። እሱን ማጥናት ጀመረ፤ ወደ ዩታ ሲሄድም ሥራውን ይዞት ሄደ።

በመጀመሪያ መርዙን አይጥ ሆድ ውስጥ እየወጉ ሽባ የሚያደርገውን ክፍል ለዩ። የእባብ መርዝ ከሚሠራው ብዙም አልራቀም። ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ክሬግ ክላርክ የሚባል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን «በቀጥታ አንጎል ውስጥ ብንወጋውስ?» የሚል ሐሳብ አመጣ። ተሞከረ። አንዱ የመርዙ ክፍል አይጧን ያንቀጠቅጣል፣ ሌላው ያስተኛል፣ ሌላው ሰውነቷን ያስቧጭራል። የሚያንቀጠቅጠው ሲመረመር በነርቭ ሴል ጫፍ ያለውን የካልሲየም ቻናል፣ ማለትም ካልሲየም ወደ ሴሉ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የምወደው ክፍል ነው። ከነርቭ ሴል ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከነርቩ ጫፍ ሲደርስ ቻናሎቹ እንደ በር ለቅጽበት ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ይገባል፤ የኬሚካል መልእክት የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች የያዙትን ወደ ውጭ ይለቃሉ። በሩ ከተዘጋ መልእክቱ አይተላለፍም። የሕመም ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ኤን የሚባለውን ዓይነት ቻናል ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ገና የወጣው የ18 ዓመቱ ማይክል ማኪንቶሽ በዚያው ላቦራቶሪ ከሌላ ኮን መርዝ የለየው ሞለኪውል ይህንኑ ቻናል ይዘጋል። ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ሆኖ በአሜሪካ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም። ነገር ግን በአፍ አይወሰድም፤ በፓምፕ በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ አእምሮን የሚያውክበት ጊዜም አለ። «ተአምረኛ መድኃኒት» የሚል ዜና ስታዩ የሚቀጥለውንም አንቀጽ አንብቡ።

ሌላው የማየው፣ ቡድኑ ያልሠራ ሙከራን እንዴት እንደሚይዝ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ለንደን ውስጥ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ማየቱን በ1882 (እ.ኤ.አ.) ጻፈ። ቆይቶ ግን ውሃው የተጣራ ሳይሆን የቧንቧ እንደነበር ደረሰበት። በተጣራ ውሃ ሲደግመው ልቡ መምታት አቆመ፤ ልቡን ያቆየው በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር። ያለፈውን ዓመት ጽሑፉን ራሱ በ1883 በአደባባይ አረመው። ያንን ውጤት ደብቆ ቢተወው ኖሮ ካልሲየም ለልብ ያለውን ድርሻ ሌላ ሰው እስኪያገኘው መጠበቅ ነበረብን።

ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ፕሮፌሰሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን አነጋግሩ። በቅርቡ ያልሠራላችሁ ሙከራ ምን ነበር? በስብሰባ ላይ ስትናገሩ ምን ተባላችሁ? ብላችሁ ጠይቋቸው። በጽሑፎቻቸው ላይ የተማሪዎች ስም የት እንደሚቀመጥም ተመልከቱ። ለፕሮፌሰሩ ስትጽፉ ደግሞ አድናቆቱን አሳጥሩና ከሥራዎቹ አንዱን አንብባችሁ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። መልስ በሳምንት ካልመጣ እንደገና ላኩ፤ እኛ መምህራን ኢሜይል ላይ ሰነፎች ነን።