መልስ፦ «ስፖንሰር ይዘህ ና» ለተባልከው

ወንድሜ፣ «የሬዲዮ አቅራቢ ለመሆን ዴሞ (የድምፅ ናሙና) ለጣቢያ ሰጥቼ ‹ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ግን ስፖንሰር ይዘህ ና› አሉኝ፤ ዴሞዬን ላሻሽል?» ላልከው፦ ችግሩ ዴሞህ አይደለም። ብዙ የኤፍኤም ፕሮግራም የሚሠራው የአየር ሰዓት በገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ነው፤ ማስታወቂያው የሰዓቱን ክፍያ ካልሸፈነ ፕሮግራሙ ይቋረጣል። አቅራቢ መፈለጉ ቀርቶ ማስታወቂያ ሻጭ መፈለጉ ያሳዝናል። ከመፈረምህ በፊት የሰዓቱ ዋጋ፣ የአንተ ድርሻ፣ በተለይ ስፖንሰሩ ቢወጣ ዕዳው በማን ስም እንደሚቀር በውሉ ይጻፍ።

ዴሞውም ቢሆን ከ3 ደቂቃ አይብለጥ፤ ሙዚቃውን ቁረጠው። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ፣ አፍህን ትንሽ ወደ ጎን አዙር፤ አለዚያ «ጰ» እና «ፐ» ይፈነዳሉ። ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ላለ ሰው አውራ፦ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይገባል፣ ርዕሱን ደጋግመህ ካልጠራህ አዲሱ ተሳፋሪ ግራ ይገባዋል።