መሪው ሲጫወት፣ ስቲሪንግ ቦክስ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። 5ኤል ሞተር ያላት ደብል ጋቢና ሂሉክስ አለችህ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ትመላለሳለህ። መሪው ይጫወታል፣ ማለትም ስታዞረው ጎማው ወዲያው አይታዘዝም፤ መካኒኩ ደግሞ «ስቲሪንግ ቦክሱ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ ዘንጎች የሚያስተላልፈው የማርሽ ሳጥን) አብቅቷል፣ ቀይረው» ብሎሃል። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወርደህ ማሾ መጫን ፈልገሃል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን የአንተው ዓይነት መኪና ለዓመታት ነድቻለሁ፤ ስሯ ተኝቼ ያሳለፍኩት ጊዜም ቀላል አይደለም።

ቦክሱን አትግዛ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

እኔ እንዴት እንደተሸወድኩ ልንገርህ። ጣርማበር ላይ ከመሿለኪያው ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና እየወረድኩ ነው። ጉሙ የሚታወቀው ጉም ነው፤ ከፊትህ ያለው አይሱዙ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። መኪናዋ ወደ ገደሉ ሳብ አለችብኝ። መሪውን መለስ አደረግኩ፤ አልሰማችኝም። ትንሽ ቆይታ ነው የተመለሰችው። ያቺ «ትንሽ ቆይታ» አሁንም ሆዴን ታላውሰዋለች።

በማግስቱ ጋራዥ ገባሁ። ሁለቱን የውጭ ቴስቲኒዎች (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች) ቀየሩልኝ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፤ ከዚያ ያው። ተመልሼ ስሄድ ቦክሱ አናት ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጠበቁልኝ። መጫወቱ የቀነሰ መሰለ፣ ግን መሪው ደረቀ። ኩርባ ከጨረስኩ በኋላ በእጄ ካልጎተትኩት አይመለስም። የፊት ጎማዎቼም ዳርና ዳራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ተበሉ። ሁለት ጎማ ከከሰርኩ በኋላ ነው ጥፋተኛዋ የተገኘችው፦ አይድለር አርም። ከቦክሱ ትይዩ፣ በተሳፋሪው በኩል ሻንሲው ላይ የታሰረችው ክንድ ናት። ውስጧ ያለው ቡሽ (ማስገቢያ ቀለበቱ) አልቆ ወደ ላይ ወደ ታች ትዘላለች። ማንም አልነካትም ነበር፤ ምክንያቱም ማንም አላያትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈልግ። ወጪ የለውም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ። ሞተሩ ይነሳ። ጓደኛህ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ዳር ላይ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ፣ በቶዮታ መለኪያ ከልክ አልፏል። አንተ ስር ተኝተህ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፍህ ጨብጥ። ዓይን ያታልላል፣ እጅ አያታልልም። የተበላው መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው መዳፍህ ውስጥ ይሰማሃል። ቴስቲኒዎቹ አራት ናቸው፣ ሁለት የውስጥ፣ ሁለት የውጭ። ከዚያ ከቦክሱ የሚወጣውን ክንድ፣ መሀል ያለውን ዘንግ፣ በመጨረሻም አይድለሯን። እሷን ጨብጠህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋት። ቦክሱን የምትጠረጥረው ከመሪው ወደ ቦክሱ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ከቦክሱ የሚወጣው ክንድ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው። (ከዚህች በኋላ የመጣችውን ሂሉክስ፣ ቪጎን፣ ያላችሁ ይሄን ዝለሉት። የእናንተ በቦክስ ፈንታ ራክ (ጥርስ ያለው ዘንግ) ነው፣ አይድለር የለውም።)

ቀጥሎ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሳ፤ ክሪክ ብቻውን አታምን፣ ደገፋ አድርግለት። ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተነቃነቀ ጓደኛህ ፍሬን ይርገጥ። መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከመኪናዋ ክንዶች ጋር የሚያያይዘው ክብ መጋጠሚያ) ነው። በፍጥነት ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ባላንስ አሠራው።

ቴስቲኒ ራስህ ከቀየርክ አንድ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ዳዶውን ፈትተው የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። ጥርሱ ይደፈጠጣል፣ ቴስቲኒውም አይወጣም። ማገቻ ሽቦውን አውጣ፣ ዳዶውን አላላው እንጂ ጨርሰህ አታውጣው። ከዚያ ቴስቲኒው የገባበትን ብረት፣ ጎኑን፣ በከባድ መዶሻ ምታው። በሌላው በኩል ሌላ መዶሻ ደግፍ። ሁለት ሦስቴ ጠንከር ሲል «ጧ» ብሎ ይለቃል። አሮጌውን ስትፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠር፤ አዲሱን በዚያው ልክ አስገባ። የውስጡና የውጩ ጥርስ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ዳዶውን ስታጠብቅ የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምረህ አጥብቅ፣ በፍጹም ወደ ኋላ አትመልስ። ሽቦው አዲስ ይሁን። የጎማ ሽፋኑ የተቀደደ ቴስቲኒ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ፤ የመንዝ አቧራ ገብቶ ግሪሱን አሸዋ ያደርግብሃል።

ዙር ስለቆጠርክ ግን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አይቀርልህም። አይድለር ብቻ ብትቀይርም አሠራ። እኔ ሁለተኛዋን ጥንድ ጎማ የበላሁት «ቀጥ ብላ ትሄዳለች» ብዬ ሳላሠራ ቀርቼ ነው።

የቅዳሜውን በተመለከተ፦ ቦል ጆይንት ከተነቃነቀ አትንቀሳቀስ፣ ባዶዋንም ቢሆን። እሱ ሲለቅ ጎማው ነው የሚተኛው። ቴስቲኒ ወይም አይድለር ከሆነ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብለህ ጋራዥ ድረስ ትሄዳለህ፤ ጣርማበርን ግን በእሱ አትወርድም። ማሾው ሰኞም ይጫናል። ነገ ስሯ ተኝተህ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፤ ከተቻለ የአይድለሯን ፎቶም ላክ።