«ጋሼ፣ ከፊት ይሁኑልን»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፤

እኔ 36 ዓመት በመምህርነት፣ ባለቤቴ ደግሞ 33 ዓመት በጤና ረዳትነት አገልግለን ጡረታ የወጣን ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የከተማችን ወጣቶች በሚቀጥለው ወር ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት ተስማምተዋል፤ ጥያቄያቸውም የአካባቢ ምርጫ ይካሄድልን የሚል ነው። እኛ ለከተማችን ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠነው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው።

ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፣ ቀድሞ ያስተማርኩት ልጅ፣ ቡና ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ እርስዎና እትዬ ከፊት ይሁኑልን፤ እናንተ ካላችሁ ፖሊስ አይነካንም» አለን። እኔ በ1965 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ደሴ መንገድ ዳር የወደቁትን ረሃብተኞች ያየሁ ሰው በመሆኔ ዝምታ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ልቤም ወደ መውጣቱ አዘንብሏል። ጎረቤቶቻችን ግን «ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይሰለፍም» ይሉናል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችን በየቀኑ እየደወሉ ይማጸኑናል፤ አንድ ዘመዳችንም ጡረታችሁ ይቋረጣል ብሎናል። እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ባለቤቴንም ጉልበቷን ያማታል። ሰልፉ የታሰበው በገበያ ቀን፣ ከመናኸሪያው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሁለት ጡረተኞች፣ ከወሎ

መልስ፦

ከደብዳቤው ግርጌ፣ ከፊርማው በታች፣ በሌላ እጅና በሌላ ቀለም የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የባለቤትዎ መሆናቸውን ተረድቻለሁ። «እኔ የምወጣው እሱ ስለወጣ አይደለም። በጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ቧንቧው ደርቆ የወላድ ቤተሰብ ውኃ በጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ ይህን የምጠይቀው ሰው አጣሁ» ይላሉ። መልሴን ከዚህ የምጀምረው ከደብዳቤው ሁሉ ያሳሰቡኝ እነዚህ መስመሮች ስለሆኑ ነው። እርስዎ ስለ ምርጫ፣ እናታችን ስለ ውኃ ትጠይቃላችሁ፤ ሁለቱ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ምክንያቱም ማዋለጃው ውኃ ሲያጣ በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቅ፣ ካልመለሰም በቀጣዩ ምርጫ ወንበሩን የሚለቅ ተመራጭ የሚኖረው ምርጫ ሲኖር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ የሰልፉ ጥያቄ የወጣት ችኮላ አይደለም፤ ለእናንተም ዕድሜ የሚመጥን ነው።

«ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይሰለፍም» የሚለውን ቃል ግን እንደ ተራ ሐሜት አላየውም፤ በወሎ ከባድ ቃል ነው። በሀገራችን ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁት አበጋሮች ቃላቸው የሚከበረው ሁለቱም ወገኖች «ይህ ሰው የማንኛችንም ወገን አይደለም» ብለው ስለሚያምኗቸው ነው፤ አንድ ቀን ለአንዱ አድልተው ከተገኙ በነጋታው ማንም አይሰማቸውም። ጎረቤቶቻችሁ የፈሩት ይህንኑ ይመስለኛል፤ ነገ በወጣቱና በአስተዳደሩ መካከል ጠብ ቢነሣ ገብቶ የሚያበርድ የታመነ ሰው እንዳይጠፋ ነው። እርስዎ በዚህ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ወገኖች መካከል በሽምግልና የተቀመጡ ከሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ሽምግልናውን ይጨርሱ ወይም ለሌላ ሰው ያስረክቡ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መሆን አይቻልም። በእንዲህ ያለ ሽምግልና ውስጥ ካልገቡ ግን የጎረቤቶቻችሁ ቃል እርስዎን አያስርም። ሽምግልና በዳይና ተበዳይ ላሉበት፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ይቅርታ ተባብሎ ለሚያልቅ ነገር ነው። ድምፅ ልስጥ ብሎ መጠየቅ ግን ጠብ አይደለም፤ የሚታረቁበትም የሚካካሱበትም ነገር የለውም። መጠየቅ ነውር የሆነበት ዘመን ምን እንዳስከተለ እርስዎ በልጅነት ዓይንዎ አይተዋል፤ በ1965 ዓ.ም. ረሃቡን ያከፋው የዝናብ መቅረት ብቻ ሳይሆን፣ የሚያውቁት ሹማምንት ነገሩን አፍነው መያዛቸውና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ እስኪያሳዩ ድረስ የተራበው ሰው ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ ማጣቱም ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎ ንግግር ልመለስ። «እናንተ ካላችሁ ፖሊስ አይነካንም» ያለው በክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በልጅነቱ ያስተማረውን ሰው አክብሮ የተናገረው ነው። ነገር ግን ይህ ንግግር አዛውንትን ጋሻ የሚያደርግ ነው፤ ጋሻ ደግሞ ጥያቄ የለውም፤ ተሸካሚው ወደፈለገበት አቅጣጫ ያዞረዋል። እናንተ የምትወጡ ከሆነ ስለ ሽበታችሁ ሳይሆን ስለ ጥያቄያችሁ ውጡ። ልጁን መልሰው ቡና ላይ ይጥሩትና ሦስት ነገሮችን ይጠይቁት፤ ለአስተዳደሩ የተጻፈውን ደብዳቤ እንዲያሳይዎ፣ በሰልፉ ላይ የሚያዙትን ጽሑፎች ቃል በቃል እንዲያነብልዎ፣ አንድ ሰው ድንጋይ ቢያነሣ አስተባባሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉ እንዲነግርዎ። ለመጨረሻው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ከሌለው፣ በግልጽ ልናገርና፣ ሰልፉ ገና አልተዘጋጀምና አትውጡ። መልስ ካለው ግን ከፊት ሳይሆን ከመካከል ብትሰለፉ ደስ ይለኛል፤ ከመካከል ያለ ሰው ግራ ቀኙን ያያል፣ የተቆጣውን ወጣት ክንዱን ይዞ ሊያረጋጋም ይችላል።

ለአስተዳደሩ የተጻፈውን ደብዳቤ አስቀድሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነፃነትና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አዘጋጆቹ ከሰልፉ 48 ሰዓት አስቀድመው ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤት በሌለበትም ለወረዳው አስተዳደር፣ በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ ዓላማውን፣ ቦታውንና መንገዱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹንም ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይገልጻሉ። ብዙ ሰው «ፈቃድ» እያለ የሚጠራው ነገር በሕጉ ማሳወቅ ነው። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው እንዲለወጥ ከፈለገ ምክንያቱን ዘርዝሮ በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ሰልፉ በማንኛውም ጊዜና ቦታ ሊደረግ አይችልም ማለት ግን አይችልም። ስለዚህ ልጁ የሚያሳይዎ ወረቀት ገቢ የተደረገበት ማህተምና ቀን ያለበት ቅጂ መሆኑን ያረጋግጡ፤ «በቃል ነግረናቸዋል» የሚለውን አይቀበሉ።

በዕቅዱ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት አይቻለሁ፤ እሱም ቀኑ ነው። ወጣቶቹ የገበያ ቀንን የመረጡት ሰው ስለሚበዛ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያው አዋጅ በገበያ ቀን ከገበያ ቦታ፣ እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ሥፍራ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ ማድረግን ይከለክላል፤ ከጦር ኃይሎችና ከጸጥታ አስከባሪዎች የሥራ ቦታ ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በወሎ ትንንሽ ከተሞች መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ያንኑ አንድ አስፋልት ተጠግተው የቆሙ ስለሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎ መምህር ነዎትና አንድ ማለዳ ከልጁ ጋር መንገዱን በእግር ይለኩት፤ የአንድ አዛውንት እርምጃ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 100 ሜትር ማለት 167 እርምጃ ገደማ ነው። መንገዱ የማያዋጣ ከሆነ በቋሚ ቦታ ተሰብስቦ መጠየቅም ይቻላል። ከሕጉ በላይ ደግሞ፣ በገበያ ቀን ከገጠር እህሏን ተሸክማ የመጣች ሴት ባላሰበችው ግርግር መካከል እንድትያዝ ማንኛችንም አንፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊጣራ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣውን የጸጥታ ችግር ምክንያት በማድረግ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት መራዘሙን ታስታውሳላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰላማዊ ሰልፍ መብት ሊታገድ ከሚችሉት መብቶች አንዱ ነው። በሰልፉ ሰሞን በአካባቢያችሁ የተላለፈ ክልከላ ካለ፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ተኩስ የሚሰማ ከሆነ፣ በፍጹም አትውጡ፤ ሌሎችም እንዳይወጡ ምከሩ። ይህን የምለው ሳልወድ ነው፤ ነገር ግን ወሎ በእነዚህ ዓመታት የቀበረቻቸው ልጆች በቂዋ ናቸው።

ስለ ጡረታው ብዙ አልልም። ጡረታችሁ በየወሩ ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ በኖረ ገንዘብና በአገልግሎታችሁ ያገኛችሁት መብት ነው፤ አሁን ባለው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሕግን አክብሮ በሰላማዊ ሰልፍ ላይ መገኘት ጡረታን የሚያስቆርጥ ምክንያት አይደለም፤ ዘመዳችሁ የነገራችሁ ፍርሃቱን እንጂ ሕጉን አይደለም።

የልጆቻችሁ ፍርሃት ግን ሌላ ነው፤ አታቃሉት። በሩቅ ሆኖ የእናትና የአባትን ስልክ አለመነሣት መቁጠር ምን እንደሆነ እኔም ከደሴ ርቄ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ሳትነግሯቸው አትውጡ። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሯቸው፤ የአንድ የምታምኑት ጎረቤት ስልክ ስጧቸው፤ የቤቱ ቁልፍና የመድኃኒታችሁ ስም የተጻፈበት ወረቀት እሱ ዘንድ ይቀመጥ። የማይሆነው ሆኖ አንዳችሁ ብትያዙ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ልጆቻችሁ ይወቁ፤ የሚያሳድዱት ነገር ሲኖራቸው ጭንቀታቸው በመጠኑ ይቀላል።

እርስዎ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይወጡ፤ የስኳር መድኃኒት ወስዶ ባዶ ሆድ ፀሐይ ላይ መቆም ከፖሊስ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። በኪስዎ ከረሜላ፣ በእጅዎ ውኃ ይኑር። ሽመልዎን ቤት ይተውት። የሀገራችን ሰው ያለ ዱላ ከቤት መውጣት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ እርስዎ ልማድ ነው ያሉትን ሽመል ከሩቅ የሚያይ አንድ ወጣት ፖሊስ መሣሪያ ነው ሊለው ይችላል። ምርኩዝ የሚያስፈልግዎ ከሆነ አጭርና ቀጭኑን ይያዙ።

እናታችን ደግሞ በታመመ ጉልበት መንገዱን ሁሉ መጓዝ አይጠበቅባቸውም። ሰልፉ በሚያበቃበት ቦታ ከጥላ ሥር ወንበር ይዘጋጅላቸው፤ እዚያ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ከሰልፈኞቹ እንደ አንዷ ናቸው። አንቀጽ 30 ከሰልፍ ጋር አቤቱታንም አብሮ ያነሣልና፣ የማዋለጃውን ነገር በወጣቶቹ ጽሑፍ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ እንዲገባ ከመለመን ይልቅ ራሳቸው በጽሑፍ ቢያቀርቡት ይሻላል፤ 33 ዓመት በጤና ሥራ የቆዩ ሰው እንደሚጽፉት ማንም አይጽፈውም። ቧንቧው ከመቼ ጀምሮ እንደደረቀ፣ ወላዶች ውኃ ከየት እንደሚያመጡ፣ አዋላጆቹ እጃቸውን በምን እንደሚታጠቡ ይጻፍ። የሰልፉ ነገር እንኳ ቢዘገይ ይህ ወረቀት የሰልፉን ቀን መጠበቅ የለበትም፤ ነገ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ይድረስ፤ አንዱ ቅጂ ገቢ የሆነበት ማህተምና ቁጥር ተጽፎበት ወደ ቤት ይመለስ።