መዳብ፣ አማይድና ውኃ፦ ድብልቁ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ጥያቄ፦ አዮዶቤንዚንን ከቤንዛማይድ (ከአማይዶች አንዱ) ጋር በመዳብ አጋዥነት በውኃ ውስጥ አጣምሮ ቤንዛኒላይድ ለመሥራት 100 ዲግሪ ያስፈልጋል ይላል መመሪያው። እዚህ ግን ውኃው ቀድሞ ይፈላል፤ ድብልቁም ሰማያዊ ሆነብኝ። (የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት የሚችል፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ቱቦ ይጠቀሙ፤ ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ ከመከላከያ መስታወት ጀርባም ያስቀምጡት።

ሰማያዊው ቀለም የኦክስጅን ሥራ ነው። ሁለቱን የሚያጣምረው አንድ ቻርጅ ያለው መዳብ ነው፤ አየር ሲያገኘው ሁለት ቻርጅ ወዳለው ይለወጥና መዳቡን ከሚይዘው ዳያሚን (ዳይሜቲልኤቲሊንዳያሚን) ጋር ሰማያዊ ውህድ ይሠራል። የተጣራ ውኃ (የቧንቧ ወይም የጣና ውኃ አይሁን፤ ካልሲየሙ እንደ ቤዝ የሚጨመረውን ፎስፌት ያዘቅጠዋል) ወስደው ናይትሮጅን 15 ደቂቃ ያንፉበት። ከዚያ ለ204 ሚሊግራም አዮዶቤንዚን 145 ሚሊግራም ቤንዛማይድ፣ 19 ሚሊግራም የመዳብ አዮዳይድ፣ 22 ማይክሮሊትር ዳይሜቲልኤቲሊንዳያሚን፣ 425 ሚሊግራም ፖታሲየም ፎስፌትና 2 ሚሊሊትር ውኃ ይበቃል።

አዮዶቤንዚን ከባድ ዘይት ነው፤ ማማሰያው ከደከመ ከታች እንደ ጠብታ ተኝቶ ይቀራል። በኃይል ያማስሉት። ሲቀዘቅዝ በኤቲል አሲቴት አውጥተው፣ የታችኛው የውኃ ንብርብር ሰማያዊነቱ እስኪጠፋ በቀጭን አሞኒያ ይጠቡት። ንጹሑ ቤንዛኒላይድ ነጭ ነው፤ 163 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።