ባትሪውን ከመቀየርህ በፊት

ሰሞኑን አንድ የሱሉልታ ተማሪ ጻፈልኝ። ከፎም ስለሠራት አውሮፕላን ነው። «ጋሼ፣ መሬት ላይ ስሞክራት ሞተሩ ጉድ ያሰኛል። ከእጄ ስለቃት ግን ትወድቃለች። ትልቅ ባትሪ ብገዛ ይሻላል?» ይላል።

አትግዛ። መልሱ ይኸው ነው። ጥያቄው ግን ብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ ትንሽ ላስረዝመው።

በ2002 ዓ.ም አካባቢ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ጎረቤቴ አናጢ ነው፤ እጁ ወርቅ። አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ብራሽለስ ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ኢኤስሲ፣ መሪ ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሰርቮዎችና ሪሞት ይዞልኝ መጣ። እኛ ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ እየፈታን ማራገቢያ ስናዞር ያደግን ሰዎች ነን። እንቅልፍ አጣን ብል ማጋነን አይደለም።

እኔ ፈራ ተባ ስል አናጢው አቃቂን ይጠቅስልኛል። «ፀሐይን እዚያ አይደል እንዴ የሠሯት?» ይላል። እውነቱን ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አቃቂ ላይ የሠራት አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም በራለች። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም ተመለሰች። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነበር።

ክንፉን እሱ ሠራው። አጥንቶቹን ከስስ የኮርኒስ ኮምፐርሳቶ ቆረጠ። ዋናውን ዘንግ በመላጊያ አሳስቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳብሰዋል። ጎርበጥ ያለች ቦታ ካገኘ እንደገና ይጀምራል። የኔ ድርሻ ሞተሩና ባትሪው ነበር። የአውሮፕላን ባትሪ ስላልነበረኝ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ 6 ሴሎች አውጥቼ፣ ሁለት ሁለቱን በትይዩ፣ ሦስቱን ጥንድ በተከታታይ አገናኘሁ። ሲሰላ 11.1 ቮልት ነው። ሞተሩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ምን ይጎድላል?

የሱሉልታ ሜዳ ላይ ወጣን። እሱ ይወረውራል፣ እኔ ሪሞቱን ይዣለሁ። ከትከሻው ከፍ ትልና ድፍት። መሬት ላይ በግማሽ ጉልበት ስንሞክራት ግን ደቂቃዎች ሙሉ ትሽከረከራለች፤ ምንም የላት።

«ክንፍህ ከብዷል» አልኩት።

«ድምፁ ይወርዳል እኮ፣ አልሰማህም? ልክ ስለቃት ሞተሩ ይደክማል» አለኝ።

«እሱ ነፋሱ ነው። አንተ እንጨትህን ቀንስ።»

ቀነሰ። ሌላ ክንፍ ሠራ። አሁንም ድፍት። እሱ ባትሪህ ነው ይላል፣ እኔ ክንፍህ ነው እላለሁ። ቤቴ ውስጥ መልቲሜትር አለ፤ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ሚዛን አለ። ሁለቱንም አልተጠቀምንም። ክርክሩ ጣፈጠን መሰለኝ። በመጨረሻ «ባለሙያው አንተ ነህ» ብሎኝ መላጊያውን ሰብስቦ ሄደ። ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሜዳ ግን አብረን አልወጣንም። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ወጣ።

ቆይቼ ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ አድርጌ ጋዙን፣ ማለትም የሪሞቱን የጉልበት ማንሻ፣ እስከ ጥግ ሰጠሁት። 12 ቮልት ከምናምን ያሳይ የነበረው ወርዶ ወርዶ 9 ላይ ደረሰ፤ ሞተሩም ተቆረጠ። ነገሩ ይህ ነው። የዚያ ዘመን የላፕቶፕ ሴል በዝግታ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የኔ ጥቅል አምፔሩ፣ ማለትም የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ፣ 10 ከደረሰ ይጨነቃል፤ ሞተሩ በዚያ ፕሮፔለር 15ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሲጨነቅ ቮልቱ ይወርዳል። ኢኤስሲው ደግሞ ባትሪ ጠባቂ ነው። የሦስት ሴል ባትሪ 9 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱን ይቀንሳል ወይም ይቆርጣል። አናጢው በጆሮው የሰማው ይህንን ነበር። ስልኩን ፈልጌ ልነግረው ይገባ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

እና ልጄ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ለካ። አውሮፕላኗን ከነባትሪዋ መዝን። ሙሉ ጋዝ ላይ ቮልቱንና አምፔሩን አይተህ አባዛ፤ ዋት ታገኛለህ። አምፔሩን ግን በተራ መልቲሜትር አትሞክር፤ አብዛኛው እስከ 10 ብቻ ነው የሚችለው። ዋት ሜትር ፈልግ ወይም ተዋስ። ለጀማሪ አውሮፕላን በኪሎ 200 ዋት አካባቢ ካለ ጥሩ ነው። የኔዋ ከኪሎ በላይ ሆና መቶ ዋት እንኳ አልነበራትም። ትልቅ ባትሪ ማለት ደግሞ ተጨማሪ ክብደት ነው። 2,200 ሚሊአምፕሰዓት (2.2 አምፔር ሰዓት)፣ 20ሲ የሚል የሦስት ሴል ሊፖ፣ ማለትም የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ 2.2ን በ20 አባዝቶ 44 አምፔር እሰጣለሁ ማለቱ ነው። ግማሹን ቢሰጥ እንኳ ይበቃሃል፤ ክብደቱም ከኔ 6 ሴሎች ያነሰ ነው።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታበዛላችሁ። ከቪዲዮ ላይ ቁጥር ትገለብጣላችሁ። ያ ሰውዬ የሚያበረው ምናልባት ባሕር ዳርቻ ቆሞ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ስለዚህ ቀስ ብለህ አትልቀቃት፤ ወደ ነፋሱ ዞረህ፣ አፍንጫዋን ሳታንጋጥጥ ወርውራት። ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው ስስ አየር ስለሆነ ሞተሩ አንድ ኢንች ያህል ረዘም ያለ ፕሮፔለር ሊሸከም ይችላል። ግን አምፔሩን እያየህ፣ ሞተሩን በእጅህ እየነካህ። ስስ አየር እንደልብ አያቀዘቅዝም።

ትዕግሥት የላችሁም ልል ነበር። ይሄ ልጅ ግን የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት በግራም ጽፎ ልኮልኛል። እኛ ያንን አላደረግንም። ስለዚህ ትዕግሥቱን ትቼዋለሁ።

ሚዛኗ፣ ማለትም በጣት ስትደገፍ ሳታዘነብል የምትቆምበት ቦታ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ሲለካ የስፋቱ 25 እስከ 30 በመቶ ላይ ይሁን። ፎም ላይ ሱፐር ግሉ አታድርጉ፣ ይበላዋል። የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ አንድ ሌሊት መጠበቅ ነው።

ሁሉንም በእጃችሁ ሥሩ እላለሁ፣ ባትሪውን ግን ተሠርቶ ያለቀውን ግዙ። አዎ፣ እኔ ሠርቼ ነበር። ሴል ፈልቅቆ መበየድ እሳት ነው፤ ቤቴ አለመቃጠሉ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሊፖ ቻርጅ ስታደርጉ አልጋ ላይ ሳይሆን ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ አጠገቡ ሆናችሁ፣ ሴሎቹን በሚያመጣጥን ቻርጀር። ሙሉው በሴል 4.2 ቮልት ነው። ለሳምንት የምታስቀምጡት ከሆነ 3.8 ላይ ተዉት። ካበጠ ተሰናበቱት። ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይከተትም፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ በእጅ ሻንጣው ይያዘው።

ማብረሩን በተመለከተ፣ ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዛሬ ድሮን ነው የሚባለው። ድሮን ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ለቀበሌውና ለፖሊሱ አስቀድማችሁ አስረዱ፣ የሚሉትን ስሙ። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ ግን በጭራሽ አትሞክሩት።