እጃችሁ ሲሠራ አፋችሁም ይናገር

በቅርቡ ኮሎኖስኮፒ (ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) የምትማር አንዲት ወጣት ዶክተር «ኮሎኖስኮፒ ቻልኩ የምለው ስንት ከሠራሁ በኋላ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በፊት 140 ይባል ነበር፣ ኋላ ላይ ጥናቶች ወደ 275 ከፍ አደረጉት አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው እጃቸው ወርቅ ነበር። እኔ ስሞክር ስኮፑ፣ ማለትም ቱቦው፣ ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት ጠመዝማዛ ክፍል ላይ ይጠቀለልብኛል። እገፋለሁ፣ ጫፉ ፈቀቅ አይልም። ጭራሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስክሪኑ ቀይ ብቻ ይሆናል፤ በሽተኛው ያቃስታል። ይሄኔ «ወዲያ በል» ብለው ይቀበሉኛል። ትንሽ ቆይተው ሲከም፣ የትልቁ አንጀት መጀመሪያ፣ ማለትም የጉዟችን መጨረሻ፣ ደርሰዋል። ምን አደረጉ? እኔ እንጃ። እርሳቸው አይናገሩ፣ እኔ አልጠይቅ። ያኔ አስተማሪን «እንዴት አደረጉት?» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር።

የሚገርመው እኚሁ ሰው እረፍት ላይ ወሬያቸው አይጠገብም። በ1868 እ.ኤ.አ. ኩስማውል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ቀጥ ያለ ቱቦ ጨጓራ ውስጥ ለማስገባት ሰይፍ በሚውጥ ሰው ላይ እንደሞከረ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው። ስለ ኩስማውል ቱቦ ያወሩልኝን ያህል ስለ ገዛ እጃቸው ቢነግሩኝ ኖሮ!

ነገሩን የገለጡልኝ ሆድ የሚጫኑልን ሲስተር ናቸው። አንድ ቀን እየታገልኩ ሳለ «ዶክተር፣ እጄ ስር እየገፋኝ ነው፤ ሳብ ያድርጉት» አሉኝ። ለካ ጥቅልሉ መዳፋቸው ስር ይሰማቸዋል። ቱቦውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ እያደረግኩ ሳብኩ። እኔ ወደ ኋላ እየሳብኩ ስክሪኑ ላይ ወደ ፊት ሄድኩ! አንጀቱ እንደ ሹራብ እጅጌ ስኮፑ ላይ ተሰበሰበ። በሽተኛውም ማቃሰቱን ተወ።

አስተማሪዬን በሕይወት ሳሉ አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል። ክፉ ሰው አልነበሩም። እጃቸው የለመደውን በቃል ማስረዳት አልለመዱም እንጂ።

ስለዚህ እናንተ ወጣት ሐኪሞች፣ አስተማሪያችሁ ስኮፑን ሲቀበላችሁ ስክሪኑን ተዉትና ቀኝ እጁን እዩ። ከዚያ ጠይቁ። እናንተ መጠየቅ አትፈሩም፤ ይሄን እወድላችኋለሁ። ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታችሁ «ገባኝ» ማለታችሁን ግን አልወድም። አብዛኛው ቪዲዮ የአንጀቱን ውስጥ እንጂ እጁን አያሳይም።

ደግሞ ሲከም ለመድረስ የምትሽቀዳደሙት ነገር! ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እባጭ) በደንብ የሚፈለገው ስትመለሱ ነው። ለመመለሻው ቢያንስ 6 ደቂቃ ይባል የነበረው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ መመሪያ በአማካይ ወደ 8 ከፍ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ ፖሊፕ ላይ ሳጥን ይስልልኛል ትሉኝ ይሆናል። እሰየው። ግን እጥፋት ጀርባ የተደበቀውን ካሜራው ፊት ካላመጣችሁለት በምን ያየዋል?

ነገ እናንተም ታስተምራላችሁ። እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ በቃል ምሩ። «ሳብ»፣ «ወደ ቀኝ»፣ «አየር ምጠጥ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። ይህን የምላችሁ እኔ ራሴ በሽተኛው ሲያመው ስኮፑን እቀማለሁ፤ አልዋሽም። ግን እየሠራሁ «አሁን እየሳብኩ ነው፣ አሁን እየጠመዘዝኩ ነው» እያልኩ እለፈልፋለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሬዲዮኑ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።